ሎሚ ስናለብስ

ሬዲዮው ከቀትር ጀምሮ አንድ ነገር ይላል፦
«ዛሬ ሌሊት ከሰሜን በረዶ ይመጣል።
ሲወርድ ውሃ ነው፤ ሲያርፍ ብርጭቆ ይሆናል።»

አቮላ መጀመሪያ ሳቀች።
ባሕሯን ታቅፋ፣ በጥር ፀሐይ እየሞቀች፣
አልሞንዷ ሳይጠሩት ቸኩሎ አብቦ፣
ሎሚዋ በየቅርንጫፉ ቢጫውን ሰብስቦ፣
በረዶ የምታውቀው ከግራኒታ ጽዋ፣
በማንኪያ፣ ከስኳር ጋር፣ በበጋ ጥማቷ።

አስር ሰዓት ሲሆን ግን ሳቁ እየሳሳ፣
ከዳቦ ቤቱ ደጅ ረጅም ሰልፍ ተነሣ፤
ፓስታ አለቀ። ሻማ አለቀ።
ለጎማው ሰንሰለት ለጠየቀው ሰው
ሻጩ ያወጣለት የውሻውን ነው።

እኔ የማስታምማት ሲኞራ ክሮቺፊሳ፣
ሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣
ከአልጋዋ ሳትወርድ ታዝዛለች በጣቷ፦
«መስኮቱን ድፈኑ፣ ቧንቧውን ጠቅልሉ፣
አህያዋን አስገቡ!»
እሺ እላለሁ ለሁሉ።
አህያዋ ከሞተች ሠላሳ ዓመት ሞላት፤
በረቱን አሮጌ ፍሪጅ ነው የያዘባት።

ልጇ ሳሮ ከሲራኩሳ እየነዳ ደረሰ፤
ጓንት የሚባል የለው፣ ካልሲ በእጁ ለበሰ።
«አንቺ ግቢ» አለኝ፣ «የአፍሪካ ሰው ነሽ፣
ይሄ ብርድ አይለመድም፣ ኋላ እንዳይገድልሽ።»

አፍሪካ!
እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ፣
ውርጭ ደጄን ሳያንኳኳ ሲገባ የኖረ ወዳጅ፤
የአባቴን ባቄላ በአንድ ሌሊት አጥቁሮ፣
ፀሐይ ስትጠይቀው «እኔ አይደለሁም» ብሎ
የሚሄድ ተሰውሮ።

ሳሮ ለነፋስ አራት ስም ያውቃል፤
ለዚህ ግን ቃል አጥቶ እጁን ያወናጭፋል።
ቆጠርኩለት፦ ቁር አለ፤ ውርጭ አለ፤
አመዳይ አለ፤ በረዶ አለ፤
አንዱም ግን፣ እውነቱን ልናገር፣
ወርዶ ሲያበቃ ብርጭቆ አልተባለ።

ካልሲ የለበሰ እጁን አየ። አየኝ።
«ታዲያ ምን ይደረግ?» ብሎ ጠየቀኝ።
ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ስኖር፣
«መድኃኒቷን ወሰደች?» ከማለት በቀር፣
ይሄ የመጀመሪያው ጥያቄው ነበር።

ያን ጊዜ ጀመርን።
አንሶላ አወጣን፣ መጋረጃ ፈታን፣
የሟች ባሏን ካፖርት ከቁም ሳጥን ጎተትን።
አምና የተተከለች አንዲት ለጋ ሎሚ አለች፤
እሷ ደረሳት። እስከ አንገቷ ተቆለፈች።
ሲኞራ በመስኮት አሻግራ አይታ፣
«ቪቶ ምን ይሠራል ደጅ ቆሞ እስከ ማታ?
ይግባ በሉት» አለች፣ «ሾርባው ሳይቀዘቅዝ።»
ሳሮ ፊቱን አዞረ፣
ቋጠሮ የሚያጠብቅ መስሎ፣ ሲተክዝ።

አንሶላው ሲያልቅ የራሴን ብርድ ልብስ አመጣሁ፤
ስሙን በጥርሴ ሳላምጠው ብቻዬን ሳቅሁ፦
የብርድ ልብስ! የማን ነው? የእኛ ነው የሱ?
ለካ ስንሸሸው ኖረን፣ ተኝተናል በልብሱ።

ከመግረዝ የተረፈ ቅርንጫፍ ከመርን፤
አባቴ እንደሚያደርገው፣ ለጭሱ
ገለባ አረጠብን።
ለውርጭ ይሠራል። ለዚህኛው? አላውቅም።
ለሳሮ ግን አልነገርኩትም።

ቧንቧውን በጋዜጣ፣ በፕላስቲክ ጠቀለልነው፤
ጫፉን ጥቂት ከፍተን ጠብ እንዲል ተውነው።
የሚሄድ ውሃ አይተኛም፣ ያልተኛም አይጠጥርም፤
ይህን ማን እንዳለኝ ዛሬ አላስታውስም።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ነፋሱ ቆሟል።
ባሕሩ እዚያ ማዶ ድምፁን ውጧል።
ሎሚዎቹ ነጭ ለብሰው፣ ረድፍ ይዘው በጨረቃ፣
የከተራ ሕዝብ መስለው፣
ታቦቱ እስኪወጣ ቆመው ሲጠብቁ በጥሞና፣
አንዷ ብቻ በጥቁር ካፖርት፣ እንደ ዘገየ እንግዳ።

ጠብ።
«ቧንቧው ነው» አለ ሳሮ።
ጠብ። ከቧንቧው ሌላ፣ ከላይ፣ ከበረቱ ቆርቆሮ።
ካልሲውን አወለቀ፤
መዳፉን ወደ ጨለማው ዘረጋ።
«ውሃ ነው» አለኝ።
«እሱስ ውሃ ነው» አልኩት፣
«ገና አላረፈማ።»