ሦስተኛው ጉዞ

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ከጨው ተራ በላይ፣
አባቴ ይማም አለ፣ ዣንጥላ ሥር ቁጭ ባይ፤
ጭኑ ላይ ሞረድ፣ ጥርሱ መሐል ሽቦ፣
በጣቱ የሚያዳምጥ ብረቱን አቅርቦ።
መክፈቻ የጠፋው ሲመጣ፣ «ቤቱ ያንተ ነው?» ይለዋል፤
ጎረቤት ካልመሰከረ ባዶ እጁን ይሸኘዋል።

እኔ ደግሞ ከታች፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ፣
ባሕር ሳይኖር፣ መርከብ ሳይቀርብ፣
የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ።
የኮንቴይነር ቁጥር፣ የቀረጥ ሰነድ፣
ሌት ተቀን የሚሮጥ በመስታወት ገመድ።

«ሉባባ» አለኝ አንድ ቀን፣ በረመዳን ዋዜማ፣
«ሰው ሥራሽን ሲጠይቀኝ ምን ልበል? እስቲ ልስማ።»
«ቆልፌ እልካለሁ» አልኩ። «ምኑን?» አለኝ። «ቃሉን።»
«ቃል ደግሞ በምን ይቆለፋል?» ሳቀ፤ አስቀመጠ ሞረዱን።

«ደብዳቤ አለኝ እንበል፣ ሳጥን ውስጥ ያኖርኩት፣
በሚኒባስ ረዳት፣ በሙህዬ የላክሁት።
ሙህዬን ታውቀዋለህ፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣
ግን እሱ ያልከፈተው ፖስታ ሐረጎን አላለፈም።

በኔ ጓጉንቸር ቆልፌ ሽቅብ እልክልሃለሁ፣
መክፈቻውን ለማንም አልሰጥም፣ ኪሴ ውስጥ እይዘዋለሁ።
አንተ አትከፍተው፣ አትሰብረው፤
የራስህን ጓጉንቸር ከጎኑ ጨምረህ መልሰው።
ሳጥኑ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጠመዝማዛውን፣ ጉሙን፣
የኔን እፈታለሁ፤ ያንተ ይቀራል ብቻውን።
ደግሞ ይወጣል ሽቅብ። ሦስተኛ ጉዞው ነው፤
ሙህዬ ሦስቴ ይዞት፣ ሦስቴ አገላብጦት፣ ምንም ያላየው፤
ያን ጊዜ በራስህ መክፈቻ፣
ቀጭ!
አንዲት ቁልፍ እንኳ ከእጅ ወደ እጅ ሳታልፍ
ቃሌ ደረሰህ። ሙህዬም ሒሳቡን ይቀበል፣ ይለፍ።»

አባቴ ዝም አለ።
ከጦሳ የወረደ ጉም ዣንጥላውን ዳሰሰ፣
የሻንጣ ቁልፍ የያዘ ደንበኛ መጣ፣ ከፍሎ ተመለሰ።
እኔ የረታሁ መሰለኝ።
ከዚያ፣ በሞረዱ ጫፍ ጆሮውን እያከከ፣
«እኔ ነኝ ያለሽ ማነው?» አለ፤ ዓይኑን ወደኔ ላከ።

«ምን?»
«ሁለተኛው ጓጉንቸር፣ የኔ መሆኑን በምን አወቅሽ?
ሙህዬ ሐረጎ ወገብ ላይ፣ ሻይ ቤት ደጅ ቢቆይሽ፣
የራሱን ብረት አንጠልጥሎ ‹ይማም ነው የላከው› ቢልሽ፣
አምነሽ፣ የራስሽን ፈትተሽ፣ ለሌባው አይደል የሰጠሽ?»

አራት ዓመት የተማርኩትን፣ በብድር መጽሐፍ ያነበብኩትን፣
አንድ ሞረድ ይዞ ጨረሰው፣ የመጨረሻ ምዕራፉን።
«መሐል የቆመ ሰው» ይለዋል መጽሐፉ፣ ገጽ ሁለት መቶ ላይ፤
አባቴ እዚሁ አገኘው፣ ከሚኒባስ በር ተንጠልጣይ።

«ታዲያ አንተ ምን ታደርጋለህ?»
ከሣጥኑ ሥር አንድ የዛገ ጓጉንቸር አወጣ፣ ገለበጠው።
ሆዱ ላይ ቀጭን ሦስት ጭረት።
«ሞረድ የያዘ ሁሉ ይጭራል፤
የኔ ግን ወደ ግራ ያጋድላል፤ አውራ ጣቴ በልጅነቴ ተሰብሯል።
አንቺ ባታውቂው እንኳ ቧንቧ ውሃ ያሉት ሼህ ያውቁታል፤
እሳቸውን ደግሞ አገሩ ያውቃል።»

ማሽኖቹም እንዲሁ ናቸው፤ ሳይተዋወቁ አያወጉም፣
«ማን ነህ? ምስክርህ ማነው?» ሳይባባሉ አይተነፍሱም።
በኛ ሙያ እጅ መጨባበጥ ይባላል፤
ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል፤ ለወሎ ሰው ሰላምታ ነውር እስኪሆን ያጥራል።

ባለፈው ሐሙስ ሙህዬ የጣውላ ሳጥን አመጣልኝ፣
«ካባትሽ» አለ፤ አፉ ባይደፍርም ዓይኑ ጠየቀኝ።
አንድ ጓጉንቸር። ገለበጥኩት። ሦስት ጭረት፣
ግራ ዘንበል ያሉ፣ እንደ ቦርከና ዳር ማሽላ በነፋስ ፊት።
የራሴን አንጠለጠልኩበት፤ ሽቅብ ላክሁት።

ዛሬ የሱን ፈትቶ ልኮታል፤
መንገዱን ግን ጉም ይዞታል፣ መኪናው ሐረጎ ላይ ቆሟል።
እየጠበቅሁ ነው።
ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም።
ሙህዬም አያውቅም።