ሁለተኛው ጓንት

ቮሎግዳ ላይ ጥር ሲገባ፣ ብርድ አያንኳኳም በር፤
በጣት በኩል ነው የሚገባው፣ ከጥፍር ጠርዝ ሥር።
መጀመሪያ ቆዳው ይነጣል፣ ዱቄት የነካ ይመስል፤
ቀጥሎ አውራ ጣት ጫፍ ላይ አንዲት መሥመር ትበቅል፤
ፀጉር የምታህል፣ ቀጭን፣ ማንም የማይቆጥራት፤
ማታ ግን አፍ ታወጣለች፣ ጨው ወይ ሎሚ ሲነካት።

እኔ አግኒያ ነኝ፣ ትኬት ቆራጭ፣ በትሮሊባስ፣ በአራት ቁጥር፤
ከንጋት እስከ ማታ ስቆጥር
የሰው ኪስ ያላሞቀውን፣ ውርጭ የላሰውን ሳንቲም፣
ከአሥር ጣቶቼ አንድም ደህና የተረፈ የለም።

ከእኔ ወለል በታች ያለችው ካፒቶሊና ናት፣ ዳንቴል ሠሪ፤
ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አይኗ የመርፌ ቀዳዳ መርማሪ።
የተልባ ክር፣ አርባ የእንጨት ዘንግ፣ ጠንካራ ክብ ትራስ፤
ዘንጎቹ ሲጋጩ ድምፁ እኔ አልጋ ድረስ።
እዚህ አገር ተልባ የሚንጫጫው ሙቀጫ ውስጥ አይደለም፤
እሷ ትራስ ላይ ነው፤ ሲንጫጫ ካላደረ ደግሞ እንቅልፍ የለም።

ግን የተሰነጠቀ ጣት ክር ይይዛል፣ እንደ አሜከላ፤
አንዴ ሳብ ካደረገው፣ የሦስት ቀን አበባ ተበላሸ፤ ሌላ!
ደም ጠብ ቢልስ? «የራስን ደም የራስ ምራቅ ነው የሚያጠፋው»
ትላለች፤ ነጩን ክር በምላሷ ጫፍ ነክታ ስታነጣው።
ባንክ ቤት ጡረታዋን ልታወጣ፣ ጣትሽን አሳርፊ ቢሏት፣
መስታወቱ ሦስት ጊዜ «አላውቅሽም» አላት።

ባሏ ሳቬሊ በሕይወት ሳለ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣
ተኳርፈው ውለው እንኳ፣ «እጅ!» ይላታል፤ የለም ከዚያ በላይ።
የዝይ ሞራና የንብ ሰም የቀለጠበት የሰርዲን ቆርቆሮ
ማሞቂያው ላይ ይጠብቃል፣ ለስልሶ፣ ከምሽት ጀምሮ።
የተነሣውን ቆዳ አይነጭም፤ ወደ ኋላም አይገፋ፤
ከጥፍሩ ዙሪያ ይጀምራል፣ በዝግታ፣ ያ ምድጃ ጠጋኝ፣ ያ ሻካራ መዳፍ፣ ያ ጎልዳፋ።
ያሻል፣ ያሻል፣ እስኪጠጣ፤
ከዚያ ያረጀ የጥጥ ጓንት ከኪሱ ያወጣ፤
ሌሊት እንዳይወልቅ አንጓዋ ላይ ክር ያስራል፤
ወደ ሁለተኛው ይሻገራል።
ሰሙ ቆርቆሮው ውስጥ ነበር፣ ለሁሉም የሚታይ፤
ወርቁን እሷ አልጠየቀች፣ እሱም አልተናገረ፣ እስከ መቃብሩ ላይ።

በኅዳር ሞተ።
ቆርቆሮው ማሞቂያው ላይ ቀረ፤ ለብ እንዳለ ከረመ፣ ባለቤት እንዳልሞተ።

አንድ እጅ አያጨበጭብም ይላሉ፤ ማጨብጨቡስ ይቅር፣
አንድ እጅ አያስርም የራሱን ክር።
የግራዋን በቀኟ አሰረች፤ የቀኟን ግን በጥርሷ፤
የዝይ ሞራ ጣዕም እስኪነጋ ከምላሷ።
ጠዋት ጓንቱ አንሶላው ላይ፣ ጣቷ ባዶ፣ ስንጥቁ ክፍት።
ሦስት ሌሊት ዘንጎቹ ዝም አሉ። ሦስት ሌሊት አልተኛሁት።

ወረድኩ። አንኳኳሁ። «ማነው» የለ፤ በሩ አልተቆለፈም።
ክር ነክሳ ተቀምጣለች፤ መልስ የሚሰጥ አፍ የላትም።
አንጓዋን ዘረጋችልኝ፤ አሰርኩ፣ ሁለት ዙር፣ አጥብቄ።
ክሩ ከአፏ ሲወጣ አላመሰገነችኝም፤ መዳፌን ገልብጣ አየችው፣ እኔ ተሳቅቄ፤
«ሳንቲም በልቶሻል» አለች፤
ያሰርኩትን በጥርሷ ፈትታ፣ ቆርቆሮውን ከፈተች።
ከዚያም፣ ያንን ቃል፣ በዚያው ድምፅ፦
«እጅ!»

ከዚያ ወዲህ ማታ ሦስት ሰዓት እወርዳለሁ።
የእሷን ሁለቱን አስራለሁ፤ ግራዬን ራሴ አስራለሁ፤
የቀኜ ክር ይቀራል ሁሌ፤ እሷ በጓንት ውስጥ በጎለደፉ ጣቶች
ትታገለዋለች፣ ትሳደባለች፣ የትሮሊባስ ተሳፋሪ የማይደፍረውን ስድብ ታወርዳለች፤
ቋጠሮ የምትለው ነገር እስከ እኩለ ሌሊት አይዘልቅም።

ዛሬም ጓንቴን አልጋ ሥር አገኘሁት።
ሌሎቹ ጣቶች ድነዋል፤ የቀኝ አውራ ጣቴ አልዳነም።
ከታች ዘንጎቹ ተንጫጩ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ።
የተሻለ ቋጠሮ አውቃለሁ። ላስተምራት እችል ነበር። አልኩና፣ ሳንቲሜን ይዤ ወጣሁ፣ ወደ መንገድ።