ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት

ሥራዬ ማረም ነው፤ ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ፣
የሌላ ሰው ቃል ላይ በቀይ እስክሪብቶ መክበብ።
ቫልፓራይሶ ወደቡን ጉም ሲውጠው ጧት ጧት፣
ከኮረብታው ጫፍ፣ ባለ አንድ መስኮት ቤት፣
የዶሲቴዮ ባራሆናን ስድስት ቅጽ አነበብኩ፣
ስድስቱንም አረምኩ።

ባራሆና ድሮ ፖሊስ ነበር፣ ወንጀል መርማሪ፤
ዛሬ ደራሲ ነው፣ የራሱን ዘመን ቆጣሪ።
የፈጠረው ኢንስፔክተር፣ ሊሳንድሮ፣ ጥሩ ሰው አይደለም፤
ከሟች ኪስ ሰዓት ይወስዳል፣ ከገበያ ዓሣ ሲያነሳ ዋጋ አይከፍልም፤
ምስክር በጥፊ ያጮልና
ለሚስቱ ልደት ኬክ ይዞ ይገባል፣ ፊቱን ታጥቦ እንደገና።
አንባቢ ይወደዋል።
እኔም ወድጄው ነበር፤ ምን ላድርግ፣ እንደ አባቴ ይስላል።

ሰባተኛው መጣ፤ በክረምት፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ።
ታሪኩ የአንድ ልጅ ነው፣ የመርከብ ጫኝ፣ ራሚሮ ተብሎ፣
ላልሰረቀው መዳብ ሦስት ሌሊት ተደብድቦ የፈረመ፤
እስክሪብቶውን ያስጨበጠው ሊሳንድሮ፣ ጣቱንም ያጣመመ።
ራሚሮ ገጽ መቶ ሦስት ላይ ሲያዝ፣ መቶ ሰማንያ ላይ ሲታሰር፣
ራሚሮ ከፍርግርጉ ጀርባ የመርከቦቹን መብራት ሲቆጥር፤
ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ ግን፣ ከመስመሩ መሃል፣
አንዲት ጊዜ ብቻ፣ «ኤልቪዮ» ይላል።

ከበብኩት። ዳር ላይ ጻፍኩ፦ «ይህ ደግሞ ማነው?»
ወስጄ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ መልሶ ጠረገው።
የግራ እጁን ሰዓት
በእጅጌው ሸፈናት።
ከታች መርከብ ጮኸ። «የጣት ስህተት ነው» አለኝ።
«እንግዲያ ላርመው?»
ዝም አለኝ።

«የወጋ ቢረሳ» ይባላል፤
የወጋው ሰው ጣት ግን ያስታውሳል።

ሠላሳ ዓመት ስህተት ሳድን ኖርኩ፤ አንዲት ነቁጥ አላመለጠችኝም።
ይህችን አለፍኳት። አላረምኳትም።

መጽሐፉ ታተመ። የአንባቢ ደብዳቤ ጎረፈ፦
«ስም ተሳስቷል፣ አራሚው አንቀላፍቶ አለፈ!»
አሳታሚው ከደመወዜ ቆረጠ። ይቁረጥ።

በመጋቢት አንዲት አሮጊት፣ ወደብ ዳር ዓሣ የምትሸጥ፣
ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆመች፣ መጽሐፉን አቅፋ፣
ጣቷን በዚያችው ገጽ ሰክታ፣ በዓሣ ቅርፊት አጉድፋ።
ማንበብ አትችልም፤ የልጅ ልጇ ናት ያነበበችላት።
«የልጄን ስም የጻፈው ማነው?»
«እሱ ጻፈው» አልኳት፤
«እኔ ደግሞ አላጠፋሁትም።»
ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ብዙ አላለቀሰችም።

ስትነሳ አንዲት ዓሣ ሰጠችኝ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ።
እጄን ዘረጋሁ፤ ሌላ ምን ልበል፣ ሌላ።
ተቀበልኳት፤
እንደ ሊሳንድሮ፣ ዋጋዋን ሳልጠይቃት።