ዓይን

ቢቸና ገበያ፣ ከጠይቦች ተራ፣
ማረሻ ስንገዛ ከአባቴ ጋራ፣
እናቴ በኩታ ፊቴን ሸፈነችኝ፤
«ዓይናቸው ይበላል» ብላ ነገረችኝ።
ብሩን ወረወርን፣ እጅ ሳይነካካ፤
ያረስነው በሱ ነው፣ የበላነው ለካ።

ባሕር ዳር። ማስተርስ። ሁለተኛ ዓመት።
ዐሥር ወንድ ተማሪ፣ አንዲት ሴት ያለንበት፤
ትርንጎ ቢያድግልኝ፣ የጠይቦች ልጅ፣
ምሳዋን ብቻዋን፣ ከካፌው ውጭ ደጅ።
(እኔም አንዱ ነበርሁ ከሚሸሿት መሐል፤
ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይሰንፋል።)

«መቼ ነው ብረቱ ውኃ የሚነከር?»
ሲሉን መምህሩ፣
እኛ ከግራፍ ጋር ገና ስንማከር፣
«ኮሽም ሲመስል ነው» ብላ ተናገረች፤
ያባቷን እሳት ሰሌዳው ላይ ጫረች።

«ዶክትሬቱን ቀጥዪ» አሏት መምህራችን።
«ቤት ማን ያከራየኛል?»
ሳቀች። እኛ ዝም አልን።

ማታ፣ ላቦራቶሪ፣ «ና እስቲ እይ» ብላኝ፣
ከማይክሮስኮፑ ተነሥታ ወንበሯን ለቃልኝ፣
ጎንበስ አልኩ። ብረቱ ጭድ መስሎ ታየኝ፣
ንፋስ የበተነው ካውድማው ጠርዝ ላይ።

ዓይኗ አጠገቤ ነው።

እኔስ የተበላሁ ያኔ ነው፣
ከኩታው ሥር፣ ሳላይ።