ድምፄን ለማን ልስጥ?

ዝናቡ እንደ ልማዱ ከጎን ይመታናል፣
የስዋንዚ ወደብ ጨውና ናፍጣ ይሸታል።
መልሕቅ መጠጥ ቤት፣ ከዳርት ሰሌዳው ሥር፣
ተጀመረ ደግሞ ያ የማያልቅ ክርክር፦
«ከሁለቱ ማን ነው ብቻውን የቆመ?
አልዊን ነው? ጌቲን ነው? የቱ ነው የቀደመ?»

ሠላሳ ዓመቱ ነው «ብረት ሐሙስ» ከፈረሰ፣
ሰው ግን ዛሬም ይመዝናል፣ ማን ከበረ፣ ማን አነሰ።
ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ፦ «ኢቨር፣ ከበሮ መቺው፣
አንተ ነህ ዳኛችን፤ ድምፅህን ለማን ነው የምትሰጠው?»

ቢራዬን አሽከረክራለሁ።

አልዊን ሰባት አልበም አወጣ፣
በየሽፋኑ ላይ አገጩን ቀና አድርጎ ወጣ።
ለሁለተኛው አርባ ቫዮሊን ቀጠረ፣
ለሦስተኛው የሕፃናት መዘምራን ጨመረ፣
በአምስተኛው ጥርሱን አሠርቶ በርሊን ድረስ በረረ።
ስድስተኛውን ማንም አያነሣውም።
እሱም አያነሣውም።
በሰባተኛው ላይ አርጅቷል፤ ድምፁ
ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ ሲል፣ ያኔ ነው ያመንኩት።

ጌቲን አንድ ብቻ። እሷንም በወጥ ቤቱ፣
ፍሪጁ እያጉረመረመ፣ ሲያልፍ የጎረቤቱ
መኪና፤ ሁሉም አብሮ ተቀድቷል።
ሦስት መቶ ሸክላ አሳተመ፣
መቶ አርባው አልጋው ሥር ከነላስቲኩ ከረመ።
ቀን ቀን የሰው ፒያኖ ይቃኛል፣
ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ልጆቿ ለራቋት ባልቴት፤
ሂሳብ መጠየቅ ያፍራል።

ወጣቶቹ ለጌቲን፦ «ያልተሸጠ ንጹሕ ነው!»
ሽማግሌዎቹ ለአልዊን፦ «ያልተሰማ ዘፈን ምኑ ነው ዘፈንነቱ?»
ሜርቪን፣ ቤዝ መቺያችን፣ ዛሬ ቧንቧ ጠጋኝ፣
ከጥግ ሆኖ፦ «ሁለቱም ዕዳቸውን አልከፈሉኝም።»

እኔ ግን ሌላ ነገር ሰምቻለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

የአልዊን ሦስተኛ አልበም፣ አራተኛው ዘፈን፦
ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ
አራት ምት ዝም ይላል።
አርባው ቫዮሊን ዝም፣ ሕፃናቱ ዝም።
ድሮ እዚያ ላይ ጌቲን ነበር የሚገባው፣
ግራ ትከሻውን ሰቅሎ፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው።
አልዊን በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።
ማንም አይገባም። ከዚያ ይቀጥላል።

የጌቲን ሸክላ፣ ጀርባው ላይ፣ የመጨረሻው፦
ቃል የለውም፤ ጊታር ብቻ። ግን ከሥር፣ በጣም ከሥር፣
መዝፈን የማያውቀው ጌቲን ይተነፍሳል፤
አልዊን አየር ይስብበት የነበረው ቦታ ላይ
እሱ አየር ይስባል።

ታዲያ «ብቻውን» የምትሉት የትኛውን ነው?

የእኔንስ ማን ጠየቀ?
የአልዊን ከበሮ ማሽን ነው። የጌቲን የገዛ ጉልበቱ፣ በመዳፉ።
እኔ አራት ቁጥር አውቶቡስ እነዳለሁ፣ ከባቡር ጣቢያ እስከ ሆስፒታል።
ሲዘንብ የመስታወቱ መጥረጊያ ግራ ቀኝ ይላል፣
እኔም በሁለት ጣት መሪው ላይ ግማሽ ምት ዘግይቼ እገባለሁ።
«ዘገየህ!» ይለኝ ነበር አልዊን።
«ተወው፣» ይለው ነበር ጌቲን፣ «እዚያ ነው ያለው።»
አንዲት ሴትዮ አንድ ቀን ሳንቲሟን እየቆጠረች፦
«ሬዲዮ ከፍተሃል እንዴ?»
«አይ» አልኳት።

«ኢቨር! ድምፅህን!»
ድምፄንማ ሰጥቻለሁ፣ ልጆች፤ ድሮ፣
ለሁለቱም፣ ባዶ የዓሣ መጋዘን ውስጥ፣
እጄ እስኪደማ፣ በነፃ።
አልመለሱልኝም።
እኔ ደግሞ ቤት መምታት አላውቅም፤ የምመታው ከበሮ ነው፤
ፍርዴን አሳምሬ የምዘጋበት የለኝም።

አንድ እሑድ ግን፣ ሚስቴ እህቷ ዘንድ በሄደች ጊዜ፣
ሁለቱን ሸክላ በሁለት ማጫወቻ አንድ ላይ ለቀቅኳቸው።
አይገጥሙም። የጌቲን ቅኝት በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣
አልዊን ይቸኩላል፣ ጆሮ ያማል።
እዚያች አራት ምት ላይ ስንደርስ
ትንፋሼን ያዝኩ።
ባዶዋ ላይ የገባው
የጌቲን ፍሪጅ ነበር።