ከግድግዳው ወዲህ

ጆሮዬ ነው እንጀራዬ፤ ፒያኖ እቃኛለሁ፣
የከረረን ከላላ ክር በድምፁ እለያለሁ።
ቤቴ ትብሊሲ ውስጥ፣ አሮጌ ግቢ ነው፣
ሰገነቱ የጋራ፣ ግድግዳው ስስ የሆነው፤
ጎረቤት ሲያነጥስ «ይማርህ» የምለው
ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ ነው።

በጥቅምት ማለቂያ፣ ከሥር ካለው ክፍል
ሰማሁ የቫዣን ሳል።
እርጥብ ነው፣ ልቅ ነው፣ አፍንጫም አለበት፤
«ጉንፋን ነው፣ ይሄዳል» ብዬ ተኛሁበት።
ሳልን ሁልጊዜማ ማን ጠላት ይለዋል?
ዘበኛ ነው እሱ፣ የገባውን ጉድፍ ገፍቶ ያስወጣል።
ማር በሙቅ ውሃ፣ እንቅልፍ፣ ጥቂት ቀናት፣
ከዚያ ዘበኛውም ይመለሳል ወደ ዝምታው ቤት።

ሌላው ግን ሌላ ነው።
አንድ ሌሊት፣ በረዶ ሲጥል፣ የናቴላ ልጅ ሳለ፤
ልጅ አልመሰለኝም፤ የታሰረ ውሻ ነው ከደረቱ ውስጥ ያለ።
አየር ሲስብ ደግሞ፣ በማንቁርቱ በኩል
የተሰነጠቀ ዋሽንት ይሰማል።
በካልሲ ሮጥኩኝ። ናቴላ ታቅፋው
መስኮቱ ሥር ቆማለች፤ ብርዱን ልታስምገው።
የጎድኑ መሐል፣ የአንገቱ ሥር ጉድጓድ
በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣
ከንፈሩም ዳር ዳሩን አመድ ሲመስል አየሁ።
«እስኪነጋ ይሻለው ይሆን?» አለች።
«ንጋትን ተዪው» አልኳት፤ አምቡላንስ ጠራሁ።

(ጊጋ ዛሬ ደህና ነው። ኳሱ መስኮቴን ሰብሯል።)

የቫዣ ግን ቆየ። ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ፤
ርጥበቱ ተኖ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ደጋግሞ እንደሚመታ ፒያኖ ፈዘዘ።
በየማለዳው ሚስቱ ማግቫላ አንሶላ ታሰጣለች፤
«ሌሊቱን በላብ ይዋኛል» ብላ ትስቃለች።
ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት ቀዳዳ ጨምሯል፤
ስትጠይቀው፣ «የመንገዱ አቧራ ነው» ይላል፤
ሚኒባስ ነጂ ነው፣ ሰበብ መች ያጣል።
ደረጃው ላይ ስሎ፣ መሐረቡን ሊደብቅ ሲጣደፍ አየሁት፣
አንዲት የሮማን ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ነበረበት።
ክንዱን ያዝኩ። «ቫዣ፣ ይህ የሽሮፕ ነገር አይደለም» አልኩት።
እጁን አወራጨ፣ ተቆጣ፣ ሰደበኝ።
በማግሥቱ ሄደ።

የሳንባ ነቀርሳ። ስድስት ወር፣ በየቀኑ ክኒን፤
ነርሷ ፊቱ ቆማ እያየችው ይውጣል፣ እንደ ተቀጣ ሕፃን።
መጋቢት ላይ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመለሰ።
እኔም ኮራሁ። «ይህ ጆሮ!» አልኩ፣ ሻይዬ እስኪፈስስ።

አንድ ቀን ጊጋ፣ ኳሱን ሊጠይቅ መጥቶ
በሬ ላይ ቆመ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፦
«አጎቴ ኦቲያ፣ አንተስ ሐኪም ቤት መቼ ነው የምትሄድ?
ከበረዶው ጀምሮ ትስላለህ፤ ከግድግዳው ማዶ እቆጥራለሁ፤
ትናንት ሌሊት ሠላሳ አንድ።»

እኔ?
የትምባሆ ነው፣ ልለው ነበር፤ አርባ ዓመት የኖርኩት፣
ጧት ጧት እንደ ሰዓት ደወል የለመድኩት።
ግን ድምፁ ተቀይሯል፤ ሻከር፣ ጎርነን ብሏል።
ደረጃ ስወጣም፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ቁልፍ የምፈልግ መስዬ እቆማለሁ፤ ቁልፉ ግን እጄ ላይ።
የሰው ግድግዳ ጥሶ የሚሰማ ጆሮ፣
ለገዛ ደረቱ ለካ ነው ደንቆሮ።

ይኸው ተቀምጫለሁ፣ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት፤
ሸሚዜ ተከፍቷል፣ እግሬ ሥር የማላውቀው ሰው ጃንጥላ ውሃ ያንጠባጥባል።
ዶክተር ኬቴቫን ቀዝቃዛውን ብረት ጀርባዬ ላይ ታኖራለች፤
«ሳብ... ያዝ... አሁን ሳል» ትላለች።
ዓይኗን ጨፍናለች።
ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ የእኔው ፊት ነው እሱ፣
ክዳን ተከፍቶ፣ አንዲት ክር ስታሳስት፣ የትኛዋ እንደሆነች ሲያስሱ።
ዝም ብዬ እተነፍሳለሁ።
ትስማኝ።