ገጽ አርባ አንድ

እሑድ ጧት፣ ሞንቴቪዴዮ፣ ከተማው ዓይኑን ሳይገልጥ፣
ከወንዙ የመጣ ንፋስ የዳሱን ሸራ ሲገለብጥ፣
እኔ ካርቶን እሸከማለሁ፤ የሙዝ ካርቶን፣ ሠላሳ ሁለት፤
ወገቤን ያጎበጠው ዕውቀት
በማንበብ የመጣ አይደለም።

አክስቴ ኒቢያ በርጩማዋን ስባ ትቀመጣለች፤
«ያንን እዚህ፣ ይህን እዚያ» በአገጯ ታዝዛለች።
ባሏ ሲሞት የተወላት ቤት አልነበረም ወይ መሬት፤
ጋራዥ ሙሉ ወረቀት፦
ንብ ማነብ፣ የሰዓት ጥገና፣ የጨረቃ ካርታ፣
ስለ ኩላሊት ጠጠር ረጅም ሐተታ፣
ከቆመ ዘመን ያለፈው ባቡር መነሻ ሰዓት
(እሱንም የሚገዛ አለ፤ ቆሞ ያነበዋል፣ ያመለጠው ይመስል የዛሬ ጧት)።
«ገጽ ሁሉ የራሱ እብድ አለው» ትለኛለች አክስቴ፤
«እብዱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው ሥራዬ።»

ሰው ሲመጣ ፊቱን ትታ እጁን ነው የምታየው፤
«እጅ አይዋሽም» ትላለች፤ እጅ ግን ሁሌ ነው የሚያሳስታት።
ሥጋ ሻጩ ዳርዶ መጣ፣ ጣቶቹ ቋሊማ የሚያህሉ፤
የጥብስ መጽሐፍ ብትዘረጋለት፣
ጆሮው ቀልቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«የባሌ ዳንስ ያለበት የለም?» አላት።
ሲስተር አሱንታ ቦክስ ትወዳለች፤
ማን በስንተኛው ዙር እንደወደቀ እንደ ዳዊት ትደግመዋለች።
ሮሚና የምትባል አለች፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣
የዋሻ ቁፋሮ ካልሆነ በቀር ምንም አትነካ በእጅ።
ጡረተኛው መርከበኛ የሕፃን ሹራብ ጥለት ይመርጣል፤
ለማን እንደሆነ አንጠይቀውም። ይከፍላል፣ ይሄዳል።

ከሁሉም ግን አንድ መጽሔት አለ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣
የቼዝ ነው፤ ገጽ አርባ አንድ ላይ ያልተፈታ ጥያቄ ያለ፤
ኅዳጉ ላይ የእርሳስ ጽሑፍ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ፦
«ፈረስ ወደ መሐል፤ ንግሥቲቱ ብትቆጣም።»

ዊልማር ነው፤ የባንክ ዘበኛ፣ የሌሊት ተረኛ።
በሃምሳ ፔሶ ይገዛዋል፣ በሳምንቱ በሃያ ይመልሰዋል።
ከሰዓት ዙልማ ትመጣለች፤ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤
በሃምሳ ፔሶ ትወስደዋለች፣ ክብ ክብ በሆነ ፊደል ትመልስለታለች፦
«ንግሥቷ አልተቆጣችም፤ ወታደርህን ግን በላች።»

ሁለት ዓመት እንዲህ ተጫወቱ፤ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣
ያ ጧት፣ ያቺ ከሰዓት፣ በአንዲት መጽሔት ላይ።
«ለምን አታስተዋውቂያቸውም?» አልኳት ካርቶን ሳስር፤
መንደሪኗን ልጣ፣ ፍሬውን ለይታ፣ አንዱን በልታ ስታበቃ ነው የመለሰችልኝ፦
«ተው አንተ ልጅ። አሁን ሁለቱም ቆንጆ ናቸው።»

ሐምሌ ገባ። የወንዙ ብርድ አጥንት ይሰብራል።
ዊልማር አንድ እሑድ ቀረ፤ ሁለት፤ አራት።
የት እንደሚኖር አናውቅ፤ ማንን ይጠይቁታል?
ዙልማ ትመጣለች፤ ገጽ አርባ አንድን ትገልጣለች፤
የመጨረሻው ጽሑፍ የራሷ ነው፤
ከድና ቦታው ትመልሰዋለች፣ አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ።

በአምስተኛው ሳምንት መጽሔቱን ሰርቄ ቤቴ ወሰድኩ።
ቼዝ አላውቅም። ከካርቶን አሥራ ሰባት
ለልጆች የተጻፈ የጀማሪ መጽሐፍ አወጣሁ፣ ፈረሱ የሚስቅበት፤
ሦስት ሌሊት ተቀመጥኩበት።
ፊደሌን ወደ ግራ ላዘነብለው አሰብኩ፤ እችል ነበር፤ አፈርኩ።
በራሴ ጠማማ እጅ አንድ ወታደር አንድ እርምጃ ገፋሁ።

መጥፎ ጨዋታ ነበር። ዙልማ ገልጣ ቆመች፣ ብዙ ቆመች፣
አፏን በመሐረብ ይዛ ሳቀች፤ ወይ አለቀሰች፤ ከኋላ አይለይም።
«ሃምሳ ፔሶ» አለች አክስቴ፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ እጄን አየች፤ ጣቴ እርሳስ ጠቁሮ ነበር፤
ያን ቀን አልተሳሳተችም።
«ይኸው፣ አንድ እብድ ተገኘ» አለችና፣
«በል ሸራውን ልበስበት፤ ሊዘንብ ነው።»